የዓይን ነርቭ ሲቆጣ፦ ምስሉ መቼ ይነሣል፣ እንዴት ይነበባል፣ ማገገሙስ በምን ይታወቃል?

አንድ ዓይን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደበዝዛል። ግራና ቀኝ ሲያዞሩት ከበስተኋላው ያማል። ቀይ ቀለም ነጣ ብሎ ይታያል። በመስታወት ሲያዩት ግን ዓይኑ ደህና ነው፤ አልቀላም፣ አላበጠም። ሐኪሞች ኦፕቲክ ኒውራይቲስ የሚሉት የዓይን ነርቭ መቆጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። በብዛት የሚይዘው ከ20 እስከ 45 ዓመት ያሉ ሰዎችን ሲሆን ሴቶች ይበዙበታል።

ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ አንድ ኤምአርአይ ይነሣል፣ ውጤቱን ለሐኪም ያሳያል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ በዚያው ያበቃል። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይህ ነው። በዚህ ሕመም አንድ ምስል ለብቻው የሚናገረው ትንሽ ነው። ዋጋ የሚኖረው በጊዜው ሲነሣ፣ የሁለቱንም ዓይን ሲይዝ፣ ከዚያም ከቀጣዮቹ ምስሎች ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው።

ይህን የጻፍኩት ለታማሚና ለቤተሰብ ነው። ሪፈር የሚጽፍ የጤና ባለሙያም ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። የሕክምናው ውሳኔ የሐኪማችሁ ነው፤ እዚህ ያለው ምን መጠየቅ፣ ምን መያዝ፣ ምን ማንበብ እንዳለባችሁ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የትኛው መሣሪያ ምን ያያል?

የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ ጀርባ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሥር ይሄዳል። ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ከ1 ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉ።

ኤምአርአይ ይህን ርዝመት በሙሉ ያሳያል። መቆጣቱ የት ቦታ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተዘረጋ፣ አንጎል ላይ ሌላ ምልክት መኖር አለመኖሩን የሚነግረን እሱ ነው።

ኦሲቲ የሚያየው ከዓይን ውስጥ ያለውን ጫፍ ብቻ ነው። በብርሃን የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ዓይን አይነካም፣ በደቂቃዎች ያልቃል። የአሜሪካው ኤምአይቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ1991 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቁት ወዲህ የሬቲናን፣ ማለትም በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ክፍል ሽፋኖች በማይክሮን መለካት ተቻለ። 1 ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው የነርቭ ክሮች ሽፋን በጤናማ ሰው በአማካይ ከ90 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይለይም። ከዚህ ላይ 20 ማይክሮን መጥፋቱን ማየት የሚችል መሣሪያ ነው ያለን።

ባጭሩ፣ ኤምአርአይ ምን እንደተፈጠረና ለምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ይረዳል። ኦሲቲ ደግሞ ምን ያህል ጉዳት እንደቀረ ይነግረናል።

ሲቲ ስካንስ? ለአጥንት፣ ለአደጋ፣ ለአንዳንድ ዕጢ ጥሩ ነው። የነርቭ መቆጣትን ግን በደንብ አያሳይም። ሲቲ ተነሥታችሁ «ምንም የለም» ከተባላችሁ ነርቩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

1ኛ፦ ከምስሉ በፊት እይታው ይለካ

ምስል ያለ እይታ ልኬት ግማሽ መረጃ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እነዚህ በካርዳችሁ ላይ መጻፋቸውን አረጋግጡ፦

- የእያንዳንዱ ዓይን እይታ ለየብቻ፣ መነጽር ካላችሁ ከነመነጽራችሁ። 6/6፣ 6/12፣ 6/60 እየተባለ የሚጻፈው ነው፤ 6/6 ደህና እይታ ነው፣ ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ ቁጥር እይታው ደክሟል።
- የቀለም ምርመራ፣ በነጠብጣብ ቁጥሮቹ መጽሐፍ።
- የብሌን ምርመራ። ሐኪሙ ባትሪ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያዛወረ የሚያየው ነው። የታመመው ዓይን ብሌን መብራቱ ሲደርስበት ከመጥበብ ይልቅ ሲሰፋ ከታየ፣ የነርቩ ሥራ ከሌላው ዓይን መድከሙን ያሳያል።
- የእይታ ክልል ምርመራ፣ ማሽኑ ካለ።

ቤት ውስጥ የምታደርጉት አንድ ቀላል ነገር አለ። ቀይ የጠርሙስ ክዳን ያዙ። አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ እዩት፤ ከዚያ ሌላውን። የታመመው ዓይን ክዳኑን ፈዘዝ ያለ ወይም ወደ ብርቱካን የሄደ አድርጎ ካሳያችሁ ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉት። በኋላ ማገገሙን ስትከታተሉ ይህ ማስታወሻ ይጠቅማል።

ሕመሙ የጀመረበትን ቀንም በትክክል ጻፉ። «ከፋሲካ በፊት አካባቢ» አይበቃም። የሚቀጥለው ሁሉ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። እኛ አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የቲቢ መድኃኒት ከሆነው ኢታምቡቶል የሚመጣ የዓይን ነርቭ ጉዳት አለ። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሁለቱንም ዓይን እኩል ያደበዝዛል። ኢታምቡቶል እየወሰዳችሁ እይታችሁ ከቀነሰ በዚያው ቀን የቲቢ ክሊኒካችሁን አሳውቁ። ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ የጠጣ ሰውም እንዲሁ ሁለቱም ዓይኑ በሰዓታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። እሱ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው፤ የምስል ተራ አይጠበቅበትም።

2ኛ፦ የመጀመሪያውን ኦሲቲ ቶሎ ተነሡ

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው። «አሁን አብጦ ስለሆነ ኦሲቲ አይጠቅምም፣ ከሦስት ወር በኋላ ትነሣላችሁ» የሚል መልስ ታገኙ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። እውነት ነው፣ ነርቩ ሲያብጥ የክሮቹ ሽፋን ወፍሮ ይታያል። ነገር ግን ከእሱ ሌላ የሚለካ ሽፋን አለ፤ በሬቲናው መሐል፣ ማኩላ በሚባለው ቦታ ያለው የጋንግሊዮን ሴሎች ሽፋን። እነዚህ ሴሎች የእነዚያ ነርቭ ክሮች መነሻ ናቸው። ይህ ሽፋን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ክሮቹ ሽፋን አያብጥም፣ ገናም አልሳሳም። ስለዚህ ከሕመሙ በፊት የነበራችሁን ልክ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ያ ዕድል በሳምንታት ውስጥ ያልፋል።

ስትነሡ እነዚህን ጠይቁ፦

- ሁለቱም ዓይን ይነሣ። «የታመመው አንዱ ብቻ ነው» ብለው አንዱን ብቻ እንዳያነሡላችሁ። ደህናው ዓይን ለታመመው መለኪያው ነው።
- ሁለቱም ቦታ ይነሣ፤ የነርቩ ራስ ዙሪያና ማኩላ።
- የምስሉ ጥራት ቁጥር ይታይ። ሲረስ በተባለው ማሽን ጥራቱ ከ10 ላይ 6 ወይም በላይ መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ እንዲደገም በትሕትና ጠይቁ። ዓይን ሲደርቅ ምስሉ ይበላሻል፤ ጥቂት ጊዜ ማርገብገብ ወይም የሰው ሠራሽ እንባ ጠብታ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።
- የማሽኑን ስም ጻፉ። ሲረስ፣ ስፔክትራሊስ፣ ቶፕኮን፣ ሌላም ይሁን። የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። ዛሬ በአንዱ 95፣ ከሦስት ወር በኋላ በሌላው 88 ብታገኙ ልዩነቱ የማሽኖቹ ሊሆን ይችላል።

ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ በአንድ ማሽን ተነሡ። ከክልል የምትመጡ ከሆነ ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ደውሉና ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ጠይቁ። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የዓይን ሕክምና ክፍሎች ስፔሻሊስት የሚሠለጥንባቸው ናቸው። ወደ ግል የምስል ማዕከል ብትላኩ እንኳ ክትትላችሁ እንዲህ ካለ ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው።

3ኛ፦ የኤምአርአይ ማዘዣው ምን መያዝ አለበት?

«ብሬይን ኤምአርአይ» ብቻ የሚል ማዘዣ አይበቃም። የተለመደው የአንጎል ኤምአርአይ የዓይን ነርቭን በወፍራም ቁራጮች አልፎት ይሄዳል። ማዘዣው ላይ የሚከተሉት ቢኖሩ ገንዘባችሁ አይባክንም፦

አንጎልና ኦርቢት፣ ሁለቱም። ኦርቢት ማለት የዓይን ጉድጓዱ ነው። ከኮንትራስት በፊትና በኋላ ይነሣ፤ ኮንትራስቱ ጋዶሊኒየም ነው። ፋት ሰፕረሽን ይደረግበት። ይህ ቃል ትንሽ ቢመስልም ሁሉን ይወስናል። ነርቩ በስብ ተከብቧል፣ ስብ ደግሞ በዚህ ምስል ላይ በጣም ያበራል። የስቡ ብርሃን ካልተቀነሰ የተቆጣው ነርቭ ውስጡ ተደብቆ ይቀራል። ቁራጮቹም ስስ ይሁኑ፣ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች፣ ከፊት ለፊት በሚቆርጠው በኮሮናል አቅጣጫ ጭምር።

እግር ወይም እጅ መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ ወይም ማምለጥ፣ የማይቆም ስቅታና ማስመለስ ካለ ለሐኪሙ ተናገሩ። ያኔ የኅብለ ሰረሰር ኤምአርአይ አብሮ ሊታዘዝ ይችላል።

ለቀኑ ዝግጅት፦

ሥራው ብየዳ፣ ሞረዳ ወይም ብረት መቁረጥ የሆነ፣ ወይም አንድ ቀን ብረት ብናኝ ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው ሳይናገር ኤምአርአይ ውስጥ እንዳይገባ። ማግኔቱ በዓይን ውስጥ የቀረ ቅንጣት ብረትን ሊያንቀሳቅስ ይችላል። መጀመሪያ በኤክስሬይ ይጣራል። የልብ ማሽን የተተከለለት፣ ብረት የተገጠመለትም ይናገር።

ኩልና ማስካራ ሙሉ በሙሉ ይታጠብ፤ አንዳንዶቹ ብረት ስላላቸው የምናየውን ቦታ ራሱን ያበላሹታል። የፀጉር ፒን፣ ጌጥ፣ በማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀል ይወልቅ።

የኩላሊት ሕመም፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የክሬቲኒን ምርመራ አስቀድሞ ይሠራ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ተናገሩ፤ ጋዶሊኒየም በእርግዝና ጊዜ በጣም ካላስፈለገ አይሰጥም።

ማሽኑ ውስጥ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ትቆያላችሁ። ይጮኻል። ዓይናችሁን ጨፍኑና ዓይን ራሱ ከሽፋሽፍቱ ሥር እንዳይንከራተት ሞክሩ። ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ዓይን ቢንቀሳቀስ እንኳ የነርቩ ምስል ይደበዝዛል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ማስታገሻ ሊሰጥ ይችላል።

4ኛ፦ ሕክምና ምስል አይጠብቅ

ኤምአርአይ ከስቴሮይድ በፊት ቢነሣ ይመረጣል። ስቴሮይድ መቆጣቱን ቶሎ ስለሚያበርደው በምስሉ ላይ ያለውን ብርሃን ያደበዝዘዋል። ግን ወረፋው ሳምንት ከሆነ፣ በተለይ ሁለቱም ዓይን ከተያዘ ወይም እይታው መብራት እስከማያሳይ ከወረደ፣ ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም። አንዳንዶቹ የዚህ ሕመም ዓይነቶች ቀን በዘገየ ቁጥር ቋሚ ጉዳት ያስከትላሉ። የአንቲቦዲ፣ ማለትም የራስን ነርቭ የሚያጠቃ የሰውነት መከላከያ መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ ደም ግን ከሕክምናው በፊት ቢቀዳ መልካም ነው። ቲቢ፣ ቂጥኝና ኤችአይቪም በእኛ ሁኔታ ከከባድ ስቴሮይድ በፊት መታየት አለባቸው።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን ክኒን ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ። በአሜሪካ በ457 ሰዎች ላይ የተደረገው ትልቁ የዓይን ነርቭ መቆጣት ጥናት በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ውጤት ግልጽ ነው። በደም ሥር ለ3 ቀን የተሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎን ማገገሙን አፋጠነ። በተለመደው መጠን ብቻውን የተሰጠው ክኒን ግን ማገገሙን አላፋጠነም፤ ሕመሙ ተመልሶ የመምጣቱንም ዕድል ጨመረ።

ጸበል የሚሄድ ይሂድ። ግን ሕክምናውን ጀምሮ፣ የክትትል ቀኑንም ይዞ ይሂድ። የሁለት ሳምንት ሱባዔ ገብቶ በዚያ መሐል የጠፋ እይታን መመለስ አንዳንዴ አይቻልም።

5ኛ፦ የኤምአርአይ ውጤቱን ማንበብ

ውጤቱ ላይ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቃል ኤንሃንስመንት ነው። ኮንትራስቱ ነርቩ ውስጥ ገብቶ አብርቷል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደንብ የተነሣ ኤምአርአይ ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ላይ ይህን ያሳያል። ብርሃኑ በአማካይ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ስለዚህ ከሦስት ወር በኋላ ተነሥታችሁ «ነርቩ አያበራም» ቢባል ሕመሙ አልነበረም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ «የት ነው? ምን ያህል ይረዝማል?» የሚለው ነው። ቦታው የሕመሙን ምንጭ ይጠቁማል፦

አጭር ቁራጭ፣ በአንድ ነርቭ ላይ ብቻ ከሆነ መልቲፕል ስክለሮሲስ ወይም ኤምኤስ ከሚባለው፣ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከሚያስቆጣው ሕመም ጋር የሚሄድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከነርቩ ርዝመት ግማሹን ያለፈ፣ ወደ ኋላ የሄደ፣ ሁለቱ ነርቮች የሚገናኙበትን ካያዝማ የሚባለውን ቦታ የነካ ከሆነ ኤንኤምኦ የሚባለው፣ የዓይን ነርቭንና ኅብለ ሰረሰርን የሚያጠቃው ሕመም ይታሰባል። ይህ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል፣ ይከብዳልም። ረጅም ሆኖ ከፊት የጀመረ፣ የነርቩን ልባስና ዙሪያውን ያለውን ስብ ጭምር ያበራ፣ ሁለቱንም ዓይን የያዘ ከሆነ ደግሞ ሞግ የሚባለው አንቲቦዲ ይጠረጠራል። እነዚህ ጠቋሚዎች ናቸው እንጂ ፍርድ አይደሉም። ፍርዱ ከደም ምርመራው ጋር ተደምሮ ነው የሚሰጠው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ለኤምኤስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ኤንኤምኦን ያባብሳሉ። ይህን ልዩነት ቶሎ ማወቅ ለዓይን ብቻ ሳይሆን ለእግርም ለእጅም ነው።

የአንጎሉ ክፍል ውጤት ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የዚያው የአሜሪካ ጥናት ተከታዮች ሰዎቹን ለ15 ዓመት ተከታትለዋቸዋል። መጀመሪያ ላይ አንጎላቸው ንጹሕ ከነበሩት 25 በመቶው፣ አንድና ከዚያ በላይ ነጭ ምልክት ከነበረባቸው 72 በመቶው በ15 ዓመት ውስጥ ኤምኤስ ያዛቸው። ቁጥሩን ስታነቡ ሁለት ነገር አስቡ። ከተሳተፉት አብዛኞቹ ነጭ አሜሪካውያን ነበሩ። ጥናቱ ሲጀመር ደግሞ የዛሬዎቹ የኤምኤስ መድኃኒቶች አልነበሩም። ምልክት ተገኝቶባችሁ ከሆነ ቀጣዩ እርምጃ የነርቭ ሐኪም ማየት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ማንበብ አይደለም።

6ኛ፦ ተከታታይ ኦሲቲዎችን ማንበብ

እዚህ ጋር ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ኦሲቲ በ1 ወር፣ በ3 ወር፣ በ6 ወርና በ12 ወር ቢደገም ጥሩ ነው። ገንዘብ ከገደባችሁ የመጀመሪያውንና የ6 ወሩን አትልቀቁ።

ወረቀቱ ላይ ሁለት አማካይ ቁጥሮች ፈልጉ። የነርቭ ክሮቹ ሽፋን አርኤንኤፍኤል ተብሎ፣ የጋንግሊዮን ሽፋኑ ጂሲአይፒኤል ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ ማሽን ጂሲሲ ይለዋል፤ ያኛው ተጨማሪ ሽፋን ስለሚደምር ቁጥሩ ይበልጣል፣ ከጂሲአይፒኤል ጋር አታወዳድሩት።

የሚከተለው ለማስተማሪያ ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው፤ የማንም ሰው ውጤት አይደለም። ቀኝ ዓይን ታሟል፣ ግራው ደህና ነው። የግራው ክሮች 97፣ ጋንግሊዮኑ 82 ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አልተለወጠም። የቀኙ እንዲህ ሄደ፦

በ4ኛው ቀን፦ ክሮች 165፣ ጋንግሊዮን 82፣ እይታ 6/60
በ1 ወር፦ ክሮች 128፣ ጋንግሊዮን 76፣ እይታ 6/12
በ2 ወር፦ ክሮች 98፣ ጋንግሊዮን 71፣ እይታ 6/9
በ6 ወር፦ ክሮች 78፣ ጋንግሊዮን 69፣ እይታ 6/6

ሁለተኛውን ወር ተመልከቱ። የቀኙ ክሮች 98፣ የግራው 97። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል። «ዓይንሽ ፍጹም ድኗል» ሊባል ይችላል። ግን ቁጥሩ እብጠቱ እየጎደለ ወደ ታች ሲወርድ በመደበኛው ልክ በኩል እያለፈ ነው። እዚያ አይቆምም። እውነቱን የሚናገረው ጋንግሊዮኑ ነው፤ ከ82 ወደ 71 ወርዷል።

ሌላው ድንጋጤ ደግሞ የተቃራኒው ነው። ከ165 ወደ 78 የወረደውን ያየ ሰው «ነርቤ በግማሽ ሞተ» ይላል። አልሞተም። አብዛኛው የወረደው እብጠት ነው። የጠፋው ከግራው ጋር ሲነጻጸር 20 ማይክሮን ያህል ነው፤ ከአንድ ጊዜ መቆጣት በኋላ ይህን ያህል መሳሳት የተለመደ ነው።

ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን ልዩነት አስሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርት የጋንግሊዮኑ ልዩነት ከ4 ማይክሮን፣ የክሮቹ ከ5 ማይክሮን ሲበልጥ ለዓይን ነርቭ መቆጣት እንደ ማስረጃ ይቆጥረዋል። ቀለሙ የሚያወዳድራችሁ ማሽኑ ውስጥ ከተቀመጡ ጤናማ ሰዎች ጋር ነው፤ ቀይ ማለት ከ100 ሰው በጣም የሳሳው 1 ያህሉ ውስጥ ናችሁ ማለት ነው። የእነዚያ ሰዎች ስብስብ እኛን ብዙም አይወክል ይሆናል። የራሳችሁ ሌላ ዓይን ግን ይወክላችኋል። ሁለቱም ዓይን ታሞ ከሆነ ደግሞ ከራሳችሁ የመጀመሪያ ምስል ጋር ታወዳድራላችሁ። የመጀመሪያውን ኦሲቲ እንዲያ የወተወትኩት ለዚህ ነው።

ከ2 ወይም 3 ማይክሮን ለውጥ በታች ያለው ብዙ ጊዜ የማሽኑ መወዛወዝ ነው፤ እንቅልፍ አትጡበት። ማሽኑ በሽፋኖቹ ጠርዝ ላይ የሚያሰምራቸው መስመሮችም አንዳንዴ ይስታሉ፣ በተለይ ነርቩ ክፉኛ ሲያብጥ። ባለሙያው ቁጥሩን ከመንገሩ በፊት መስመሮቹን እንዲያይ ጠይቁ። ከፍተኛ ማይኖስ መነጽር የሚያደርግ ሰው፣ ግላኮማ ያለበትም ሰው አስቀድሞ ሊሳሳ ስለሚችል ይህንን ይናገር።

ስለ 75 ማይክሮን ከሰማችሁ፣ ከዚያ በታች ከወረደ የእይታ ክልል ማገገሙ ይቀንሳል የሚል ጥናት በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ጠቃሚ ነው፤ ግን የተለካው በቀድሞው ትውልድ ማሽን ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ዛሬዎቹ ማሽኖች አታምጡት። ደግሞ ሽፋኑ ፈጽሞ ማየት ባቆመ ዓይንም ቢሆን ዜሮ አይገባም፤ የደም ሥሮችና ደጋፊ ሕብረ ሕዋሳት ስለሚቀሩ።

7ኛ፦ እይታው እየተመለሰ ነው ወይ?

በተለመደው ዓይነት እይታ በ2 ወይም 3 ሳምንት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል። ከዓመት በኋላ ከ10 ሰዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ 6/12 ያያሉ። ይህን ደጋግማችሁ ለታማሚው ንገሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ያለው ፍርሃት ከባድ ነው።

ግን 6/6 ማንበብ ማለት ሁሉ ነገር ተመለሰ ማለት አይደለም። ሰሌዳው ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ ነው። ኑሮ እንዲያ አይደለም። ደንገዝገዝ ሲል ደረጃ መውረድ፣ ጭጋግ ውስጥ መኪና መንዳት፣ ግራጫ ልብስ የለበሰ ሰው መለየት ሊከብድ ይችላል። «ሐኪሙ ደህና ነሽ ይለኛል፣ እኔ ግን እንደ ድሮው አላይም» የምትል ሴት ትክክል ናት። ፊደሎቹ ፈዘዝ ባሉበት ሰሌዳ እንድትመረመር ትጠይቅ፤ ጋንግሊዮኑ ሳስቶ ከሆነ ቅሬታዋ በቁጥር ይታያል። ቀጣሪም ቤተሰብም እንዲያምናት ያ ወረቀት ይረዳታል።

ቤት ውስጥ በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ያንኑ ጽሑፍና ያንኑ ቀይ ክዳን በየዓይናችሁ እዩና ጻፉ። ቀን በቀን አትፈትሹት፤ ያስጨንቃል እንጂ አይጠቅምም።

ሙቅ ሻወር፣ ሩጫ፣ ትኩሳት ወይም ፀሐይ እይታውን ለጥቂት ጊዜ ሊያደበዝዘው ይችላል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ አዲስ መቆጣት አይደለም። አዲስ የሚባለው ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ነው።

በሚከተሉት ላይ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ፦ ከ3 ወይም 4 ሳምንት በኋላ ምንም ካልተሻለ፣ ከ2 ሳምንት በኋላም እየባሰ ከሄደ፣ ስቴሮይዱ ሲቀነስ እይታው ተመልሶ ከወረደ፣ ሌላኛው ዓይን ከጀመረው፣ ወይም እግር መድከም ከመጣ። ከ50 ዓመት በላይ ከሆናችሁና ሕመም ከሌለው ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሪያው ይህንኑ ጠይቁ።

8ኛ፦ ፋይሉ የእናንተ ነው

ከኤምአርአዩ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ወይም ፋይሉን በፍላሽ ተቀበሉ። ዳይኮም በሚባለው ዓይነት ስጡኝ በሏቸው። ፊልም ላይ የሌሉ ቁራጮች እዚያ አሉ፣ ሌላ ራዲዮሎጂስትም እንደ አዲስ ሊያነበው ይችላል። ዱባይ፣ ባንኮክ ወይም ዋሽንግተን ተነሥታችሁ አዲስ አበባ የምትከታተሉ ከሆነ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። የሪፖርቱ ትርጉም ብቻ በኢሜይል ቢመጣ ሐኪማችሁ ምስሉን ሳያይ ሊወስን አይችልም።

ኦሲቲው በቀለም ይታተም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ላይ ግማሹ መረጃ ይጠፋል። በስልካችሁም ፎቶ አንሡት፣ ቀኑና የማሽኑ ስም እንዲታይ አድርጋችሁ። በአንድ ፋይል ውስጥ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ከላይ አንድ ገጽ ላይ የጀመረበትን ቀን፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የአንቲቦዲ ውጤቱን፣ የየጊዜውን እይታና ሁለቱን የኦሲቲ ቁጥሮች ጻፉ። ሐኪም ቢቀየርባችሁ፣ ድንገት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ፣ ያንን አንድ ገጽ ነው የምታቀብሉት።

የ12 ወሩ ኦሲቲ ከተነሣና ቁጥሮቹ ከቆሙ በኋላ ያ ምስል አዲሱ መነሻችሁ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚነሣ ማንኛውም ኦሲቲ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው። በዓመት አንዴ ይደገም፤ ኤምኤስ፣ ኤንኤምኦ ወይም ሞግ የተረጋገጠበት ሰው ደግሞ የነርቭ ሐኪሙ በሚለው ጊዜ፣ ከኤምአርአዩ ጋር አብሮ።